አባባ ጫማውን ያሰረ ዕለት

ለወንድሜ ለቨርል፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለው? የፊኒክስ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? ኮሪንና ልጆቹ ደኅና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ደኅና አይደለሁም፤ አባባም ደኅና አይደለም። ምክንያቱ አንተ ነህ፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ባለፈው ወር እዚህ ሳለህ የመንግሥት የሕክምና ድጎማው፣ የሜዲኬይድ ገምጋሚዋ መጣች። አባባ ምን እንደተሳነው አይታ፣ ስንት ሰዓት እየተከፈለኝ እንደማስታምመው ልትወስን ነበር የመጣችው። አደራ፣ እንዳለ ተወው ብዬህ ነበር። አንተ ግን ጢሙን ላጨኸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን አለበስከው፤ «ለእንግዳ አያምርም» ብለህም የኦክስጅን ቱቦውን ከአፍንጫው አወለቅክ። ገምጋሚዋ «ጫማዎን ራስዎ ያስራሉ ወይ?» ብትለው፣ «እናትሽ ሳትወለድ ጀምሮ ሳስር ነው የኖርኩት» አላት። አንተ ደግሞ «አሳያት እንጂ አባባ! የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ያልጣለውን ሰው የጫማ ክር ይጥለዋል?» አልክ። አጎንብሶ አሰረ። ከንፈሩ እስኪጠቁር ትንፋሽ ሲያጥረው አንተ ታጨበጭብ ነበር። በማግስቱ ከአልጋው መነሣት አቃተው፤ አንተ አውሮፕላን ላይ ነበርክ።

ውሳኔው ደረሰን። ከሚከፈለኝ ሰዓት ከግማሽ በላይ ተቆርጧል። በቀረው መኖር ስለማይቻል እኔ ወደ ቀድሞው የድልድይ ግንባታ ሥራዬ፣ እሱ ወደ አረጋውያን ማቆያ ልንሄድ ነው። ለማቆያው መንግሥት ለእኔ ከሚከፍለው እጥፍ ድርብ ይከፍላል፤ ልጅ ሲያስታምም ግን ደቂቃ ይሰፍራል።

በስልክ ደግሞ «የገዛ አባትህን አጥበህ ደሞዝ ትቀበላለህ? እማማ በነጻ አልነበር የምታጥበው?» አልከኝ። አዎ፣ በነጻ አነሣችው፣ በነጻ አገላበጠችው፣ ወገቧ ተሰብሮ ቀድማው ሞተች። አንተስ በነጻ ስንት ቀን አጠብከው?

ይግባኝ ብያለሁ። ሐሙስ ዳኛዋ በስልክ አባባን ራሱን ትጠይቀዋለች። እኔ እውነቱን ተናገር ስለው፣ «ደሞ ቅጥረኛው መጣ» ይለኛል፤ ቃሉን ያስተማርከው አንተ ነህ። የሚሰማው አንተን ብቻ ነውና እሑድ ደውልለት። አልችልም ማለት ውርደት አይደለም በለው። ቀልድ አትጨምርበት።

ኮሪንን ሳምልኝ። ዊትኒን ለፈተናሽ በርቺ በልልኝ፤ ትንሹን ታነርንም እቀፍልኝ። አባባ ለሁላችሁም ሰላምታ ልኳል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «ቨርል በእኔ ኮርቷል» ይላል። እሑድ ስትደውል ማፍረስ ያለብህ ያንን ኩራት ነው።

ወንድምህ ሌላንድ
ማክዳወል ወረዳ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 2024