አሥራ ሁለት ሆነን የጠፋንበት ቀን

ለተወደድከው ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹ አደጉ? አማችህስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ጣሪያው ያፈሳል፣ ከሥሩ የምንተኛው ግን ሁላችንም ጤነኞች ነን። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ደንብ ስለሆነ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ብዕር ያነሳሁት ልቆጣህ ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፣ ከእህት አፍ የማይወጣ ቃል ነበረበት። ይሄኛው የበረደው ነው።

መርከብህ ባለፈው ማክሰኞ መጣ። መርከብህ የምለው ለመንገደኞቹ የሚታደለውን ወረቀት የምትጽፈው አንተ ስለሆንክ ነው። የትኛው ደሴት በምን የእጅ ሥራ እንደሚታወቅ እየለየህ፣ እዚህ ይቁም እዚያ ይለፍ የምትለው አንተ እንደሆንክ ባለፈው ደብዳቤህ ደረትህን ነፍተህ ነግረኸናል። እማዬ ያንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች። "ልጄ መርከብ ሊልክልኝ ነው" እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። ቀሚሷን ከሳምንት በፊት አጥባ፣ በዚህ ዝናብ አልደርቅ ብሏት ምድጃ አጠገብ ስታገላብጥ ነው የከረመችው።

የዚያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። እኛ ቅርጫት ሰፊዎቹ አሥራ ሁለታችንም የምንሰፋበትን ቅጠል በላስቲክ ጠቅልለን፣ እማዬን በመሃላችን አድርገን ወደ ወደቡ ዳስ ወረድን። ክረምት የእኛ ጊዜ መሆኑን ለአንተ አልነግርህም። ቅጠሉ የሚለሰልሰው፣ ወስፌ ሳይታገል የሚገባው ያኔ ነው። ገና ሳንቀመጥ የወደቡ ኃላፊ ያንተን ወረቀት ይዞ መጣና ቆጠረን። "ምነው በዛችሁ?" አለ። "ወረቀቱ ላይ ያለችው አንዲት ናት። አሥራ ሦስት ሆናችሁ ብትደረደሩ እንግዶቹ ምን ይሉኛል?" ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነበር። አሥራ አንዱን ዓሣ ማከማቻው ውስጥ አስገብቶ በሩን በመቀርቀሪያ ዘጋባቸው። እኔ የተረፍኩት ቁመቴ ረጅም ስለሆነ ነው። የዳሱ ጣሪያ ስለሚያፈስ ለእማዬ ጃንጥላ የሚይዝላት ሰው አስፈለገ።

እንግዶቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው ወረዱ፤ ዘጠና ይሆናሉ። አስጎብኚው በድምፅ ማጉያ በቋንቋቸው ማውራት ጀመረ። ምን እንደሚል አናውቅም፣ ግን ሴቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንዱ ካሜራ የያዘ ሰውዬ ዘወር በይ ብሎ በእጁ ገፋ ገፋ አደረገኝ። ከፎቶው ውጪ ሆኜ፣ ክንዴን ዘርግቼ፣ ጃንጥላውን ከሩቅ ያዝኩላት። ፎቶው ላይ ጃንጥላው ብቻውን በአየር ላይ የቆመ ሳይመስል አይቀርም። እማዬ ደስ ብሏት አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች።

ከዚያ አስጎብኚው ጎንበስ ብሎ "እማማ፣ አሁን ጠርዙን ይቋጩልን" አላት። "በክረምት?" አለችው። "ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ነው ያለው፤ ልጅዎ ነው የጻፈው" አላት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይሄ ነው። በዝናብ የተቋጨ ቅርጫት ቅጠሉ ሲደርቅ እንደሚኮማተር፣ ስፌቱ ላልቶ ጠርዙ እንደሚከፈት አንተ ታጣዋለህ? ለዚህ አይደል ክረምት የሰፋነውን ሁሉ ሳንቋጭ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በጋ የምንጠብቀው? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ለጓደኛህ ልትሰጥ ቸኩለህ አንዲት ትንሽ ቅርጫት በዝናብ ብትቋጭ፣ እማዬ ሙሉውን ተርትራ "ስም የሚያሰድብ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም" ያለችህን ረስተኸዋል? ይኸው እሷ ራሷ፣ በስተርጅናዋ፣ ለአንተ ብላ፣ ዘጠና ሰው እያያት ቋጨችው።

የጤና ጣቢያው ነርስ ቋንቋውን ትሰማለች። እሷም ለማየት መጥታ ከጎናችን ቆማ ነበር። እማዬ ቀና ብላ "ሰዎቹ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?" ብላ ጠየቀቻት። ነርሷ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "እርስዎ የደሴቷ የመጨረሻዋ ሰፊ ነዎት ይላል። ተተኪ የለዎትም፣ ይሄ ሙያ ከእርስዎ ጋር ይቀበራል ነው የሚለው።" ይሄ ሲነገር ከጀርባችን፣ ከዓሣ ማከማቻው ውስጥ፣ የቁጡዋ ሳቅ ይሰማል። ታውቃት የለ፣ የጀልባ ጠጋኙ ሚስት፣ ዓሣ ቤት ተዘግቶባትም ትስቃለች።

እኔ ደሜ ፈላ። እማዬ ግን አንተን አልተቆጣችም። ወደ እኔ ዞረችና "መቼ ነው ልትተዪው የወሰንሽው? ለእሱ ነግረሽ እኔን ለምን ደበቅሽኝ?" አለችኝ። ገባህ? አንተ ትዋሻለህ ብላ ማሰብ ስላልቻለች እኔን ጠረጠረች። ልጇ ከጻፈው እውነት ነው፣ እውነት ከሆነ ደግሞ እህቱ ነግራው ይሆናል። ሃያ ስድስት ዓመት ከጎኗ ተቀምጬ ስሰፋ የኖርኩት ሴት፣ ባሌ ከተማ እንግባ ሲለኝ ሙያዬን ለማን ጥዬ ብዬ ያስቀረሁት ሴት፣ እናቴ ከኋላዋ ደብቄ የተውኩት መሰላት። ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በጋ በጋ የሷን ቅርጫት ሳይቀር የምቋጨው እኔ ነኝ። ይሄንንም ጽፌልህ "ጎበዝ፣ ቤቱ ሰው አለው" ብለህ መልሰህልኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ምን እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ። እንግዳ የሚጠፋ ነገር ይወዳል፣ ብዙ ሰው የሚሠራውን ነገር ለማየት በዝናብ ከመርከብ የሚወርድ የለም፣ ለእናንተው ብዬ ነው ትላለህ። ለእኛ ብለህ እኛን ቀበርከን? ያውም በቁማችን፣ ያውም እናታችንን ቀብር ላይ አስቀምጠህ! ከአንድ ጡት የጠባን ነን፣ ሌላው ቢቀር አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ልጅ ዓይኑን በጨው አጥቦ "ተተኪ የላትም" ብሎ ይጽፋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እዚያው ቆሜ "አልተውኩም እማዬ፣ ማንም አልተወም፣ አሥራ አንዱ እዚያ ተዘግቶባቸው ነው" አልኳት። ነርሷ ሄዳ መቀርቀሪያውን አነሳችው፤ ሴቶቹ ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ፣ የጀመሩትን ቅርጫት እንደያዙ ወጡ። አስጎብኚው ድምፅ ማጉያውን አጠፋ። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸው። የዋሸኸው አንተ እንደሆንክ ያኔ ገባት።

ይሄን ጊዜ አንዲት ሽበታም እንግዳ፣ ያንን በዝናብ የተቋጨውን ቅርጫት የገዛችው፣ በአስጎብኚው በኩል እማዬን ልጆች እንዳሏት ጠየቀቻት። እማዬ ወስፌዋን አስቀመጠችና "አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፤ ይቺው ናት" አለች። አንዲት። አስጎብኚው ሊተረጉም አፉን ሲከፍት "ሁለት ነን፣ ወንድም አለኝ" አልኩት። አንተ ሰርዘኸኝ እኔ አንተን መሰረዝ አቃተኝ። እስካሁን በዚህ ነገር ከአንተ እኩል በራሴ ተናድጃለሁ።

መርከቡ ነሐሴ ሃያ አምስት ተመልሶ ይመጣል ብለዋል። ከዚያ በፊት ያንን ወረቀት ቅደደውና ራስህ ና። ከመርከቡ ውረድ፣ በዚያ ዳስ ውስጥ ቁም፣ በቋንቋቸው አሥራ ሁለት ሰፊ እንዳለ በራስህ አፍ ተናገር፤ እሷም ትስማህ። ካልመጣህ ዳሱ ባዶውን ይቆይሃል። እንግዶችህም የመጨረሻዋ ሰፊ እውነትም ሞተች ብለው እንዳሻቸው ያልቅሱ። ቅርጫቱን የገዛችውንም ሴትዮ አድራሻ ፈልግልኝ። ጠርዙ ሲከፈት መልሳ ትላከው፣ በጋ እኔ እቋጭላታለሁ። የእናታችን ስም በሰው አገር ተከፍቶ አይቀመጥም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ እሷን አልተቆጣሁም። ትልቋን ልጅህን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፤ ትንሹን አንገቱ ሥር፣ ኮርኩረህ። አማችህን ጉልበታቸውን በሞቀ ጨው ውሃ ይዘፍዝፉ በላቸው። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው። ሰፊዎቹ በሙሉ ሰላም ብለውሃል፤ ቁጡዋ ሌላም ጨምራለች፣ እሱን አልጽፈውም።

እማዬን "ለእሱ ምን ልበልልሽ?" ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። ሁለቴም ፊቷን ወደ ዝናቡ አዞረች። ስለዚህ ከእሷ ሰላምታ አልደረሰኝምና ልጽፍልህ አልቻልኩም።

እህትህ

ከወደቡ በላይ፣ ከእናታችን ቤት
ነሐሴ 11 ቀን