ጥላ ሥር የተቀመጠችው እጅ

ውድ አባየ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ኢንጅባራ፣ አንተ እስከ መጨረሻው በድሮ ስሟ ቆሰበር እንዳልካት፣ ዘንድሮም ዝናቡ አልሰለቻትም። የቤቱን ቆርቆሮ ወንድሜ ይኸነው ቀይሮታል። ፈረስህ ለማንም አልገዛም ብሎ ያስቸግራል፤ እማየ ግን ጠባዩ አንተን ይመስላል እያለች ትወደዋለች። ይህን ሁሉ የማወራው ዋናውን ወሬ ለማቆየት ነው። አባየ፣ ተሳካልን።

ምን እንደምሠራ ስትጠይቀኝ በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። ዓለም ስትጀመር እንደ እሳት ትፋጅ ነበር። ያ ሙቀት እስካሁን አልጠፋም፤ ቀዝቅዞ ቀዝቅዞ ሰማዩን ሁሉ የሞላ ስስ ለብታ ሆኗል። ከሌላ አገር ባልደረቦቼ ጋር እሱን የሚለካ መሣሪያ ሠርተን ወደ ጠፈር ልከናል። ከአንዱ የሰማይ ጥግ እስከ ሌላው ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለሆነ፣ መሣሪያው ራሱ ጥቂት ከሞቀ ወይም ከበረደ የራሱን ሙቀት የሰማይ አስመስሎ ይነግረናል።

ይህንማ አንተው ዘንድ ነው የተማርኩት። ይኸነው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የነበረውን የከሰል ክምር ያቃጠለብን ጊዜ ትዝ ይልሃል? የዲከረንሱን እንጨት ከምረን፣ ሳርና አፈር አልብሰን፣ ለኩሰን እስኪከስልና እስኪበርድ ስንጠብቅ፣ እሱ ሌላ እሳት ሲቆሰቁስ በዋለ እጁ አፈሩን ዳሰሰና፣ የጋለ እጁ ሙቀቱን ስላልለየለት በርዷል ብሎ ከፈተው። አየር ሲገባ የቀረው ፍም ተነሣ፣ ልፋታችን ሁሉ አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ክምር የምዳስሰው እኔ ሆንኩ። ሥራ ሳልነካ ጥላ ሥር ተቀምጬ እጄን ከፀሐይም ከእሳትም እንድጠብቅ አዘዝከኝ። ወንድሞቼ እመቤቲቱ እያሉ ሲያሾፉብኝ አንተ ሳቅህን በግድ ትይዝ ነበር።

የመሣሪያችንም ችግር ይኸው ነበር። መሣሪያውን የሚያበርደው ማቀዝቀዣ ብርዱ ከፍ ዝቅ ሲል መለኪያው አብሮት ይዋዥቃል። እኔ በሁለቱ መሃል ቶሎ የማይሞቅ፣ ቶሎም የማይበርድ ወፍራም ብረት ይግባ አልኩ። ለሮኬት ይከብዳል ተብሎ ሊወጣ ደርሶ ነበር፤ እሱ ከወጣ የዓመታት ድካሜ አብሮ መውጣቱ ነው። ተሟገትኩ፣ ደጋግመን ፈተንነው፣ በመጨረሻ እሺ አሉኝ። እልኸኛነቴን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

ባለፈው ሳምንት እማየን ልጠይቅ መጥቼ ሳለ መልእክቱ ደረሰኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ነው ያነበብኩት። መለኪያው ያን ያህል ከምድር ርቆ ንቅንቅ አላለም፤ የሰማዩ ምስል ጥርት ብሎ መጣ። እልልታዬን ስትሰማ እማየ ምኑ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ ከደጅ ሆና ተቀበለችኝ። ጎረቤቶቻችን ሠርግ መስሏቸው ወጡ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ እንደዚያን ቀንም ናፍቀኸኝ አታውቅም።

በማግስቱ መቃብርህ ዘንድ ሄድኩ። በእግሬ ስለመጣሁ እጄ ሞቆ ነበር፤ መጀመሪያ ከአጠገብህ ካለው ጥድ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ሲበርድልኝ እንዳስተማርከኝ በእጄ ጀርባ አፈርህን ዳሰስኩት። የዓለም የመጀመሪያው እሳት ለብታው እስከ ዛሬ ካልጠፋ፣ ያንተም ከእኔ አይጠፋም።

እጄን እጠብቃለሁ፣ አባየ።

ልጅህ አንጓች