ወይዘሮ አልማዝን የምትሆን ሴት

ማክሰኞ፣ ጥር 6 (የነሱ ጃንዋሪ 14፣ 2014)፣ ጠዋት

«ሐበሻ መሆኑስ አይከብድም፤ የሚያስቸግረው ነጠላው ነው» ስትል ሊንዳ ሊፍት ውስጥ ሰማኋት። ልክ ናት። እኔንም አርባ ስድስት ዓመት ያስቸገረኝ ነጠላው ነው።

ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ሕክምና ት/ቤቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ዛሬም ያው ሥራ። ተማሪዎቹ እውነተኛ በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት በሽተኛ መስሎ በሚተውን ሰው ይለማመዳሉ። ከመስከረም ጀምሮ በሽተኛችን ወ/ሮ አልማዝ ናቸው፦ 62 ዓመት፣ ኢትዮጵያዊት፣ ጡታቸው ላይ እብጠት፣ ያ በሽታ። ወ/ሮ አልማዝን የምትሆነው ሊንዳ ናት። ረጅም፣ ዓይነ ሰማያዊ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ቲያትር የምትሠራ ነጭ። ነጠላውን ከሻወር እንደወጣ ሰው ብብቷ ሥር ትቋጥረዋለች። እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። አስተርጓሚዋን የምሆነው እኔው ራሴ ነኝ።

አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ተማሪው ይጠይቃል፣ እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ አፌ እስኪዘጋ ትጠብቅና «ባራ ሹም ባራ» ትላለች። የተጻፈልኝን ወረቀት አይቼ «ሌሊት ሌሊት ላብ ያሰምጠኛል» ብዬ በእንግሊዝኛ አቀርባለሁ። ደንባችን የተባለውን ብቻ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነው። ብዙ የትርጉም ሥራ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ከዋናው የራቀ አልገጠመኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 15፣ ከሰዓት

የእማዬ የደም ግፊት አፖይንትመንት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ክሊኒኩ። ደብተሬ፣ ማን በሩን ከፍቶ ገባ መሰለህ? በሊንዳ ሲለማመድ የከረመው መነጽራሙ ተማሪ። ጨዋ ልጅ ነው፣ እጅ ነስቶ ገባ።

ዘመድ ለዘመድ አይተረጉምም፣ ደንብ ነው። ስልክ ላይ ሌላ አስተርጓሚ አገናኙን። እኔ ወንበር ላይ እጄን አጣጥፌ ቁጭ። መድኃኒትዎን ይወስዳሉ? እማዬ እንደማንኛችንም ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገች። አዎ ማለቷ ነው። ስልኩ ትንፋሽ አይሰማ፣ ዝም። ልጁ ቀና አለ። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ሳብ። ምግብ ይስማማዎታል? ሳብ። አዎ ባለች ቁጥር ፊቱ ይገረጣል። ልናገር አፌን ስከፍት ጣቱን በትሕትና አነሳ፦ ቤተሰብ እባክዎ።

የትንፋሽ ማጠር ብሎ ጻፈ። ሆስፒታል አስተኟት።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሁለት ሌሊት አድራ ወጣች። ምንም አልተገኘባትም። መኪና ውስጥ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያለኝን ሁሉ እሺ አልኩት፤ እሱ አስተኛኝ።» ክሊኒኩ ደጃፍ ዳግመኛ አልደርስም ብላለች። የግፊቱንም ክኒን መሳቢያ ውስጥ ዘጋችበት፤ የዚያ ልጅ ነው ትላለች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ የንስሐ አባቷ እንዲገሥጿት ኮል አደረግኩላቸው። ወይ ፍንክች።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ሊንዳ አዎ ስትል አንገቷን ትነቀንቃለች። ከኛ ሰው አዎ የሚባለውን በጆሮው ሰምቶ አያውቅም።

ሰኞ፣ ጥር 19፣ ጠዋት

የልምምዱ አስተባባሪ ቢሮ ገባሁ። የእማዬን ነገር ነገርኳት። ወ/ሮ አልማዝን ነጭ ስትሆን ተማሪው የሚማረው ነጭን ነው አልኩ። ስትቆጣኝ ጠበቅኩ፤ አልተቆጣችም። ከናንተ አንድ ሰው አምጪልኝ፣ በዚያው ቀን ሊንዳን እቀይራለሁ አለች። እስከ ዓርብ ሳምንት።

ይኸውልህ። ይህን ያህል ሐበሻ ባለበት አገር አንዲት ሴት ላጣ ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 28

አጣሁ።

ላንግሊ ፓርክ፣ እትዬ ሙሉ። ሁሉን በደስታ ሰሙኝ። በሽታው ላይ ስደርስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግኩሽ? ምነው ታሟርቺብኛለሽ?» ሴቨን ኮርነርስ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪ። ሌላ በሽታ የለም ወይ አለች፤ ጉንፋን ቢሆን ግድ የላትም።

ተስፋዬ ወ/ሮ ጽጌ ነበሩ። አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሠላሳ ዓመት የኖሩ ተዋናይ፤ አሁን ሄርንደን፣ ኤርፖርቱ ጋ ሻንጣ ይሸጣሉ። በእረፍታቸው ሰዓት አገኘኋቸው። «በሰይፍ ሞቻለሁ» አሉኝ፣ «በመርዝ ሞቻለሁ፣ ሁለቴ ተሰቅያለሁ። የቤተ መንግሥት ሞት እኔ ዘንድ አይመጣም፣ አድራሻዬን አያውቀውም። ያንቺኛው ግን ያውቀዋል።» ሦስቴ አማተቡ፤ አንዱን ለኔ።

እማዬ ግፊቷን ለመለካት እንኳ ክንዷን አልሰጥ ብላለች። ጠዋት ራሷን አዙሯት ግድግዳ ይዛ አየኋት።

ዓርብ፣ ጥር 30፣ ከሰዓት

ቀኑ ደረሰ። ማንም የለም።

ሊንዳ ሰምታ ኖሮ ራሷ መጣች። ሰው ከተገኘ በደስታ እለቃለሁ፣ እስከዚያው ግን የሚጎድለኝን አሳዪኝ አለች። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ አላመቸችኝም። አዎውን አሳየኋት። በሩብ ሰዓት ያዘችው። ዓይኔን ስጨፍን እማዬ ናት። ነጠላውንም አስተካከልኩላት።

ከዚያ ወ/ሮ አልማዝ በሽታውን ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ አለች፤ እስከ ዛሬ ስታለቅስ ነው የኖረችው። ዝም ይላሉ አልኩ። ስንት ሰከንድ? አለች። አልቆጠርኩም።

ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ እንዲያው ለነገሩ፣ ለምን አንቺ አትሆኚም አለችኝ። ሺፍት አልኩ። ትራፊክ አልኩ። የቤልትዌይ ቀለበት መንገድ አልኩ።

ወስኛለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሊንዳን አስተምራታለሁ። የሚቀጥለው ልጅ ቢያንስ እሺታን ከሕመም ይለያል። ለእማዬ ደርሶ እንደሆነ እንጃ።

ደብተሬ፣ ከፊት ያሉትን ገጾች አገላበጥኩ። «ያ በሽታ» ነው የሚለው። ስሙን አንድም ቦታ አልጻፍኩትም።

የአስተባባሪዋ የመስከረም ኢሜይል አሁንም አለ። ወ/ሮ አልማዝን እንድሆን መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ። በልቤ ያልኩት «በአፌ አይምጣ» ነው። የጻፍኩላት «ጊዜ የለኝም» ይላል።