ሎሚ የነካው ሳንቲም

ሰኞ

ማግኔቱ አልሳባቸውም። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ባነሳሁት ማግኔት ስድስቱንም ሳንቲሞች ሞከርኩ፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ለአፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ማንበብ ስቀጥል ደስታዬ ጠፋ። ዚንክ በማግኔት አይሳብም፤ ግን እርሳስም አይሳብም። አስመስለው የሚሠሩት ደግሞ በእርሳስ ቅይጥ ነው አሉ። ስለዚህ ምንም አላወቅኩም።

ሳንቲሞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች በያዟቸው አገሮች ወታደሮቻቸው እንዲገበያዩባቸው የሠሯቸው ናቸው። ግራጫ፣ ቀላል፣ መሃላቸው ቀዳዳ። በአንዱ ገጽ ያለው ንስር ያንን የናዚ የተጣመመ መስቀል ይዟል። እሱን አልወደውም። በዚያ በኩል ደፍቼ ነው የማስቀምጣቸው፤ ትምህርት ቤትም ይዣቸው አልሄድም። የምወደው የት ከተማ እንደተመቱ የምትናገረውን ትንሽ ፊደል ነው። የአምስቱ ፊደል የትም ይገኛል። የስድስተኛው ግን ብርቅ ነው። ሻጩ አላወቀም መሰለኝ። ወይም ደግሞ በደንብ አውቋል።

በእረፍት ወራት መናፈሻ ውስጥ ቆሻሻ እየለቀምኩ ያገኘሁት ደመወዝ እዚህ ላይ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ በራሴ ስም ለመግዛት ዕድሜዬ አልደረሰም፤ የእማዬ ባል ጋሼ ታደሰ ነው በስልኩ የገዛልኝ። ሲያመነታ እማዬ፣ «ልጄ የምትሠራውን ታውቃለች» አለችው። እንዲህ ስትመሰክርልኝ ሰምቻት አላውቅም። እኔን ያሳደገችኝ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ፣ እቴቴ ናት። እዚህ ስዊድን ከመጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፤ እማዬና እኔ ገና እየተዋወቅን ነው።

ሻጩ፣ ሐሰተኛ ከሆኑ እስከ ዓርብ እንደነበሩ ከተመለሱልኝ ገንዘቡን እመልሳለሁ ብሎ ጽፏል።

ማክሰኞ

የኩሽናው ሚዛን የእማዬ የበርበሬ ሚዛን ነው። ሳንቲም ምኑም አይደለም። አንዴ ሦስት ግራም ይላል፣ ያንኑ ሳንቲም መልሼ ሳስቀምጠው አራት።

ከትምህርት በኋላ ሰፈራችን ቴንስታ ያለው ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ አጎላኋቸው። ባላያቸው ይሻለኝ ነበር። ሁለቱ ሳንቲሞች የንስሩ ክንፍ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት አላቸው። ቦታውም ርዝመቱም አንድ። በሰው ኪስ የዞረ ሳንቲም እንዲህ እንደ መንታ አይጫርም። ከአንድ ቅርጽ ላይ ቀልጠው የተቀዱ ናቸው።

ሁለቱ ሐሰተኛ ከሆኑ ያ ብርቁስ? እሱ ላይ ጭረቱ የለም። ግን የማወዳድርበት መሰሉም የለኝ።

ጋሼ ታደሰ ሜርስታ ካለው የአየር ማረፊያ ሥራው ሲመለስ፣ «እንዴት ነው የጀርመን ባንክ? ተከፈተ?» አለኝ።

«ገና ነው ጋሼ» አልኩ።

«ብቻ እንዳታዋርጂኝ፤ የኔ ስም ነው ያለበት!» ስቆ ነው ያለው። ስለ ስሙ ያለው ግን ቀልድ አይደለም።

ከተማ ውስጥ የሳንቲም ሱቅ አለ። የማውቀው በመስኮቱ ነው። ነገ እወስዳቸዋለሁ። የምለው ይህ ነው፦

ጤና ይስጥልኝ።
እነዚህን ሊያዩልኝ ይችላሉ?
እውነተኛ ናቸው?

መታጠቢያ ቤት ተዘግቼ በስዊድንኛ ደጋገምኩት። የመጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል።

ረቡዕ

አልገባሁም።

በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጉሊ መነጽር ይዞ ተቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች ከሱ ጋር እየሳቁ ያወራሉ። እስኪወጡ ልጠብቅ ብዬ ቆምኩ። ሲወጡ ሱቁ ባዶ ሆነ፤ ባዶ ሱቅ መግባት ደግሞ የባሰ ሆነብኝ። ሽማግሌው ቀና ሲል ጓንት እንደጠፋባት ሰው መሬት መሬቱን እያየሁ ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለስኩ። ባቡሩ ውስጥ ራሴን ጠላሁት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር እኮ።

«ምን አሉሽ?» አለች እማዬ ስገባ።

«ዝግ ነው። ነገ ከትምህርት በኋላ እሄዳለሁ።»

ሳንቲሞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። አንዱን አነሳችና በቀዳዳው አጮልቃ አየችኝ። «እንዲህ ጠቁሮ ነው ለሰው የሚታየው?» አለች። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አልመሰለኝም። ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ሐሙስ



ጠዋት ስነሳ ሳንቲሞቹ ጠረጴዛው ላይ የሉም። እማዬ ኩሽና ቆማ በጨርቅ ትወለውላቸዋለች። አጠገቧ ብርጭቆ አለ፤ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨው፣ ከላይ ግራጫ አረፋ። ዘፍዝፋቸው ነው ያደረችው። ለሥራ ለብሳ ጨርሳለች፤ ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ድረስ ትሄዳለች፣ ባቡሩ ሊያመልጣት ነው። ግን ቆማ ትወለውላለች።

«ነይ እዪ! ጥርስ አልመሰሉም?» አለች።

ሁለቱ ያበራሉ። አራቱ ፊታቸው ተበልቷል፤ ፈንጣጣ የያዘው ሰው ፊት መስለዋል። ብርቁ ከአራቱ አንዱ ነው። ፊደሏን በጥፍሬ ፈለግኳት። አጣኋት።

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ጠገራ ብር እኮ የሚታጠበው እንዲህ ነው። በዓል ሲደርስ የእናቴን የአንገት ጠገራ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነው።»

«ይሄ ብር አይደለም! ዚንክ ነው! የታጠበ ሳንቲም ማንም አይገዛም! መመለስም አልችልም!»

ጮህኩ። በዚህ ቤት ጮኼ አላውቅም። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። «እቴቴ ብትሆን መጀመሪያ ትጠይቀኝ ነበር። እናቴ እሷ ናት» አልኩ።

ጨርቁን አጠፈች። የማጠቢያው ዳር ላይ አስቀመጠችው። ጫማዋን አሰረች። «ትምህርት እንዳይረፍድብሽ» ብላ ወጣች።

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ሱቁም አልሄድኩም።

ዓርብ

ገባሁ። የሚበላሽ ነገር ስላልቀረ ይመስለኛል።

ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ሁለተኛው ጠፋኝ። ሳንቲሞቹን ብቻ አስቀመጥኩና «እውነተኛ ናቸው?» አልኩ። ሽማግሌው አንዱን አንስቶ በአጉሊ መነጽሩ አየው።

«ማን አጠባቸው?»

«እናቴ።»

«በምን?»

«በሎሚና በጨው።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። የሚያበሩትን ሁለቱን ለብቻ ገፋ አደረገ። እነዚህ ሐሰተኛ ናቸው፣ ሎሚ ያልበላቸው ዚንክ ስላልሆኑ ነው አለ። አራቱ እውነተኛ ናቸው። ብርቁን መብራት ሥር አዘንብሎ ብዙ አየው። ፊደሏ በጭንቅ ትታያለች። እሷም የዚያው ዘመን ናት፣ ማንም በኋላ አልቀረጻትም አለ።

ባይታጠብ ስንት ያወጣ እንደነበር ጠየቅኩት። ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

«አሁንስ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «ለራስሽ አስቀምጪው።»

ለሻጩ፣ የሁለቱን ሐሰተኞች ብቻ እንኳ መልስልኝ ብዬ ጻፍኩለት። የተስማማነው እንደነበሩ ብለን ነው አለ። እውነቱን ነው።

ልክ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ ግራጫ መሃል የኔ ዓይን ብርቁን ለይቶታል። ይህን አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ምን ያህል እንደፈለግኩ! ግን እውነተኛ ነበር ካልኩ እማዬ ምን እንዳጠፋች ታውቃለች። ሐሰተኛ ነበር ካልኩ ጋሼ ታደሰ ሁለተኛ አይገዛልኝም፤ እማዬም ስለ እኔ የሰጠችው ምስክርነት መና ይቀራል። የትኛውን እንደምል አላውቅም። ዛሬ ሁለቱም አልጠየቁኝም። እማዬ ምግቤን ከድና ትታልኝ ጎረቤት ሄደች።

ቅዳሜ

«ስድስቱም ሐሰተኛ ናቸው» አልኩ፣ ምሳ ላይ።

ጋሼ ታደሰ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። «ስድስቱም?»

«ስድስቱም፣ ጋሼ። የመመለሻውም ቀን ትናንት አለፈ።»

«እንግዲህ ባንኩ ተዘጋ» አለ። ዛሬ አልሳቀም። «ከእንግዲህ በኔ ስም የሚገዛ ነገር የለም። አይደለም?»

«እሺ።» ጆሮዬ ነደደ። ትምህርት ቤት ምንም አልችልም፤ የምችለው ይህንን ብቻ ነበር። እሱም አለቀ።

እማዬ ሳህኗን እያየች፣ «ሎሚውስ?» አለች።

«ሎሚው ምንም አላደረገም። ድሮም የማይረቡ ነበሩ።»

ትከሻዋ ወረድ አለ። ከዚያ ቀና ብላ ብዙ አየችኝ።

«ሰውየውን ብቻሽን ነው ያናገርሽው?»

«ብቻዬን።»

«በስዊድንኛ?»

«አዎ።»

«እ…» አለች። 

ያመነችኝ አይመስለኝም። እነዚያን ሳንቲሞች በእጇ የወለወለችው እሷ ናት። ሁለቱ አብርተው አራቱ ሲበሉ አይታለች፤ ሁሉም አንድ እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል። ስለ እቴቴ ያልኩትን ልመልሰው ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር። ውሃ ጠጣሁ።

ከሐሙስ ወዲህ ልጄ ብላ አልጠራችኝም። አሁን ከኩሽና፣ «ማህሌት፣ ነይ ሽንኩርት ላጪልኝ» አለች። በስሜ ጠራችኝ፣ እንደ አስተማሪ። እማዬ ሽንኩርት ለመላጥ ሰው ፈልጋ አታውቅም፤ እኔ ቢላዋ እስካገኝ እሷ ትጨርሰዋለች።

እየሄድኩ ነው።