የበረንዳው ዘይትና የእትዬ ዘነቡ ብቅል

ግንቦት ፳፣ ከቀኑ ፱ ሰ.

ሁለተኛውን ዙር ቀባሁ። እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር። ከምሠራበት ጋራዥ ያመጣሁት የተቃጠለ ዘይት ለጣውላው ሁሉ በቃ። ከደረጃው ሥር ካትራሜ፣ ያው ሬንጅ፣ አነጠፍኩ። አምና ክረምቱ ሦስት ጣውላ አበስብሶብኛል፤ ዘንድሮ ይሞክረኝ። ደብተሬ፣ ሰው በልጁ ይኮራል፣ እኔ ጣሊያን ትቶት በሄደው የእንጨት በረንዳ። ምን ላድርግ? ግቢው ሲጨቀይ ደረቅ የሚቀረው እሱ ብቻ ነው። ሳምንት ፀሐይ ካልጠጣ አይደርቅም። እስከዚያ መግቢያዬ በጓሮ።

ግንቦት ፳፪፣ ጧት

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ መጡ። ከእግር እስከ ራስ ጥቁር ለብሰው። የሟቹ ባላቸው የአያ ተገኘ ሰማንያ ቀን ደርሷል፤ ለተዝካሩ ጠላ ብቅሉ በቅሎላቸዋል፤ ሰማዩ ግን አላማረም። እንደ ወትሮው በረንዳዬ ላይ ላስጣው ወይ አሉ። አምና አያ ተገኘ ራሱ ነበር እዚህ ተቀምጦ በእጁ የሚያገላብጠው።

ጣውላውን ዳሰስኩ። መዳፌ ጠቁሮ ተነሣ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና፣ ደርቋል፣ ያስጡ አልኩ።

ምን ነካኝ? ሐዘንተኛ እምቢ ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ነው የገደለኝ። ደግሞ ሰሌን አንጥፈውበታል። ምንም አይል።

ግንቦት ፳፫፣ ከቀኑ ፲፩ ሰ.

ፀሐዩ ሲያነድ ዋለ። ከሥራ ስመለስ ብቅሉን አፍሰው ገብተዋል። ሰሌኑን ረስተውታል። ገለበጥኩት። ጀርባው ጥቁር። ላዩም ወዝ ይዟል። አሸተትኩ። ጋራዥ፣ ጋራዥ። አሁኑኑ ሄጄ ልንገራቸው።

ከምሽቱ ፩ ሰ.። አልሄድኩም። ወፍጯቸው ይሰማኛል፤ እየፈጩ ነው። ምናልባት አፍንጫዬ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ዘይት ሲያሸት የዋለ አፍንጫ ማን ያምነዋል? ነገ እነግራቸዋለሁ። ሰሌኑን አልጋዬ ሥር ከተትኩት።

ሰኔ ፪

ነገ ነገ ስል ጠላው ተጠነሰሰ። አሁን ብናገር ምን ይጠቅማል? ሌላ ብቅል ለማብቀል ጊዜ የለም። ራሴን እየሸነገልኩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዛሬ ዘነበ። ውኃው ጣውላው ውስጥ ሳይዘልቅ እየተንከባለለ ወረደ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደስታዬ አስጠላኝ።

ሰኔ ፲፣ ከተዝካሩ መልስ

ጾም ነው፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ሰው የሚያወራው ስለ ጠላው ብቻ። መሪጌታው ባርከው አንዴ ተጎነጩና ዋንጫውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከድብ ባሕር የመጡት የሟቹ ታላቅ ወንድም አያ እንግዳው ግን አፋቸው አያርፍ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠላው ማኪና ማኪና ይላል አሉ። ጎረምሶቹ ሳቁ። እትዬ ዘነቡ ሊቀዱ እንደቆሙ ቀሩ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሸጋ ጠላ ነው እያልኩ ደግሜ ደጋግሜ ጠጣሁ። እንባቸውን አቅርረው መረቁኝ። ሆዴ አሁንም ይጮኻል። ይበለኝ።

ሰኔ ፲፬

ዛሬ አመሻሽ ላይ እትዬ ዘነቡ አጫወቱኝ። ጋኑን በወይራ አጥነውታል፣ ብቅሉን በእጃቸው ለቅመውታል፣ ጠላቸው ተበላሽቶ አያውቅም። ስለዚህ ሟቹ ተቀይሟቸው ነው ይላሉ። በሕመሙ መጨረሻ ውኃ ቢለምናቸው እንቅልፍ ጥሏቸው አልሰሙትም ነበር። ይህን ለማንም አልነገሩም። ለእኔ ነገሩኝ።

አሁን ይቅር እንዲላቸው ጧት ጧት ይሰግዳሉ። ጉልበታቸው በሽተኛ ነው። ሲነሡ ሲያቃስቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ኃጢአቱ የእኔ፣ ጉልበቱ የሳቸው። ጆሮዬን በጋቢ ሸፈንኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኔ ፲፱፣ ከምሽቱ ፩ ሰ.

ነገርኳቸው። ሰሌኑን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ በዝናብ ሄድኩ። መዳፌ መጥቆሩን፣ ኪሴ ውስጥ መክተቴን፣ ሸጋ ነው ብዬ መጠጣቴን፣ አንድ ሳላስቀር። ስድብ ጠበቅሁ። ሰሌኑን አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ታዲያ እሱ አልተቀየመኝማ?»

አልተቀየመዎትም አልኩ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ቁጣው የመጣው ኋላ ነው። ምነው ያን ቀን እምቢ ብትለኝ፣ ከምድጃዬ ዙሪያ አደርቀው አልነበረም ወይ አሉ። ምነው ስሰግድ እየሰማህ ሳትነግረኝ ቀረህ አሉ። ይቅርታ ብለምናቸው ገና ነው አሉ። ጠላው ሲነወር ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ እውነቱንም ሰው ሁሉ ይስማ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመህ ተናገር።

እሺ አልኩ። አያ እንግዳው መንገዱ ጨቅይቶባቸው አልተመለሱም፤ ነገ ከፊት ነው የሚቀመጡት። አፋቸውን አውቀዋለሁ። እስክሞት ማኪና እባላለሁ።

እጄን በአመድ ባሸው ባሸው ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁር አልለቅ አለ። ይሁን። እንዲሁ ይዤው እቆማለሁ።