እናቴ የግንቡ እመቤት ስላለመሆናቸው

ኢትዮጵያ ትቅደም

የካቲት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለከፍተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት
አዋሳ

ጉዳዩ፦ በሐሰት ታሪክ ላይ ተመሥርቶ በእናቴ በወይዘሮ ጫልቱ ላይ የተላለፈው ቤት የማስለቀቅ ውሳኔ እንዲሻር ስለመጠየቅ

ጓድ ሊቀመንበር፣

እኔ አመልካች ብዙአየሁ ሞገስ በዚህ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። የምኖረው አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ ወይዘሮ ጫልቱ ግን በታቦር ተራራ ግርጌ፣ በተለምዶ ግንብ ሥር እየተባለ በሚጠራው ቀበሌ፣ በግንቡ ግቢ ውስጥ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለችው የዘበኛ ቤት ይኖራሉ። አንድ ክፍል ናት። እኔም የተወለድኩት እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ሰማንያ ደርሷል፤ ዓይናቸውም ደክሟል።

ግንቡ ትርፍ ቤት ከተወረሰበት አዋጅ ወዲህ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። አሁን ቀበሌው ፎቁን የመዝናኛ ክበብ ሊያደርገው ወስኗል። የእናቴን ክፍል ደግሞ የክበቡ ትኬት መሸጫ ሊያደርጋት ነው። በመዝናኛ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ተቃውሞዬ አንዲት አሮጊት ለማስወጣት ሲባል በተፈጠረው ታሪክ ላይ ነው።

ጥር 29 ቀን እሑድ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ፍቅሬ «የግንቡ ታሪክ» የሚል ጽሑፍ አነበቡ። ጽሑፉ ሲጠቃለል እንዲህ ይላል፦ ግንቡን የሠራው የፋሽስት ጦር ነው፤ ፋሽስት ሲወጣ ለፊታውራሪ ሞገስ ተሰጠ፤ ፊታውራሪው እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ ሕዝቡን ሲመዘብሩበት ኖሩ፤ ሚስታቸው ጫልቱ ዛሬም በግቢው ውስጥ ተሰግስጋ ትገኛለች፤ ልጃቸው ብዙአየሁም መምህር ነኝ እያለ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ጽሑፍ መሠረት እናቴ ቅዳሜ የካቲት 19 ቀን ክፍሉን እንዲያስረክቡ ተወሰነ።

ለማረም እጄን አውጥቼ ስነሣ የቀበሌው ሊቀመንበር «ጓድ መምህር፣ ይሄ የሒሳብ ክፍል አይደለም፤ ተቀመጥ» አሉኝ። ተሳቀ። ከኋላዬ ወይዘሮ ታቢታ ተነሡ። ወይዘሮ ታቢታ ፒያሳ ልብስ የሚሰፉ የዚሁ ሰፈር ተወላጅ ሲሆኑ አባታቸው ለግንቡ ድንጋይ ከተሸከሙት ሲዳማዎች አንዱ ነበሩ። «ጫልቱ የፊታውራሪ ሚስት ከሆነች እኔ የጃንሆይ ልጅ ነኝ!» አሉ። «አባቴ ትከሻው ተልጦ ሲመጣ በቅል ውሃ የምታቀብለው እሷ ነበረች። አንተ ፍቅሬ ያኔ የት ነበርክ? እናትህስ ተወልዳለች?» አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን የተሳቀው በእኔ አልነበረም። ሊቀመንበሩ «ሴትዮ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሏቸው። ተራቸው ሳይደርስ ስብሰባው ተዘጋ።

ስለዚህ ያን ቀን እንዳይሰማ የተደረገውን እርማት ለእርስዎ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. ግንቡን ያሠሩት ፋሽስት ከመግባቱ በፊት ደጃዝማች አምሳሉ ናቸው። የጎንደር ሰው ስለነበሩ በአገራቸው የሚያውቁት ዓይነት ክብ ማማ ያለው ቤት በሐይቁ ዳር ማየት አማራቸው። ግንበኛው ግሪክ ነበር። ድንጋዩን ግን ደጃዝማቹም ግሪኩም አልተሸከሙትም። የተሸከሙት ሐይቁ ዳር ከብት ያሰማሩ የነበሩ ሲዳማዎች ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ ጅራፍ በያዘ አለቃ እየተነዱ። መሬቱም የእነሱ ነበር። ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ተጻፈ በተባለው ታሪክ ውስጥ ለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠም። ጣሊያን የሠራው ነገር ቢኖር ግድግዳውን ኖራ መቀባትና ማማው ውስጥ የመኪና ጎማ ማከማቸት ነው። ጓድ ፍቅሬ ኖራውን አይተው ግንቡን በሙሉ ለጣሊያን ሰጡት፤ በዚህም የተሸከሙትን ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ዘረፏቸው።

2. ደጃዝማች አምሳሉ ዘምተው አልተመለሱም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግንቡ ለልጃቸው ለወይዘሮ ፍቅርተማርያም ተመለሰ። የፊታውራሪ ሞገስ ሚስት እኚህ ሴት ናቸው፤ በቁርባን የተጋቡ፣ እስከ ሞት ያልተለያዩ። ሴትየዋ ሲሞቱ ግንቡ ለባላቸው ተላለፈ። ፊታውራሪውም በ1955 ዓ.ም.፣ ከተማው እየሰፋ የሐይቅ ዳር መሬት ሲፈለግ፣ ልጅ ሙሉጌታ ለሚባሉ መኰንን ሸጡትና አዲስ አበባ ገቡ። እዚያው በ1957 ዓ.ም. ሞቱ። አዋጁ ሲወጣ የግንቡ ባለቤት ልጅ ሙሉጌታ እንደነበሩ ቀበሌው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቤቱን የተረከበው ከእሳቸው ወኪል ነውና። በጓድ ፍቅሬ ታሪክ ግን ፊታውራሪ ሞገስ ከተቀበሩ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕዝብ ሲመዘብሩ ኖረዋል። ከመቃብር ሆኖ መመዝበር የሚችል ፊውዳል ከነበረ እንዲህ ያለውን ሰው በትኬት መሸጫ ማሸነፍ አይቻልም።

3. እነዚህ ሁሉ ሲፈራረቁ ያልተለወጡት አባቴና እናቴ ብቻ ናቸው። አባቴ ኩማ ይባላሉ። ደጃዝማች አምሳሉ የመጀመሪያውን በር ሲያስገጥሙ የተቀጠሩ ዘበኛ ነበሩ። ግንቡ ሲወረስም ሲሸጥም ከበሩ ጋር አብረው ይተላለፉ ነበር። የግንቡ ልማድ እንዲህ ነው፦ አዲስ ባለቤት የሚገባ ቀን፣ በበቅሎም ይምጣ በመኪና፣ ዘበኛው ከነሚስቱ ሁለቱንም የበር ሳንቃ ወለል አድርጎ ከፍቶ እጅ ነሥቶ ይቆማል። ስሙንም ይጠይቃል፤ ለሚመጣ እንግዳ የማን ቤት እንደሆነ የሚናገረው ዘበኛው ነውና። ጌታው «በሩን ጠብቁ» ካሉ መኖር ነው። ዝም ብለው ካለፉ ጓዝ መጠቅለል ነው። ወላጆቼ ይህን ቃል ከደጃዝማቹ፣ በአስተርጓሚ ከጣሊያኑ ሹም፣ ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም፣ ከፊታውራሪውና ከልጅ ሙሉጌታ ተቀብለዋል። ቃሉ ከውርደት ጋር የተሰጠ ነበር። ቢሆንም ተሰጥቷል። አባቴ በልጅ ሙሉጌታ ጊዜ ሲሞቱ እናቴ በሩን ብቻቸውን ጠበቁ። ከአዋጁ በኋላም የቀበሌው ተከራይ ሆነው ተመዝግበው ይኖራሉ።

4. ስለ ስሜ። የቀበሌው ሊቀመንበር ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ሳስረዳ «ስምህ ራሱ ምስክርህ አይደል?» ብለውኛል። ጉዳዩ እንዲህ ነው። ፊታውራሪ ሞገስ የወንድማቸውን ልጅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ደብተሩን እንድሸከም፣ ልብሱን እንዳጥብ እኔን አብረው ላኩኝ። የትምህርት ቤቱ ሹም እኔም እግረ መንገዴን እንድማር ፈቀዱ። የአባት ስም ሲጠየቅ የፊታውራሪው አዛዥ «በዘበኛ ስም ማን ይቀበለዋል? በጌታው ስም ጻፉት» አሉ። በዚያን ዘመን በጌታው ስም የተጻፈ የአሽከር ልጅ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተናል። አባቴ ነገሩን ሲሰሙ «ይማር እንጂ የእኔ ስም ምን ያደርግለታል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ምን ይመስል እንደነበር በዚህ ማመልከቻ ውስጥ አልጽፍም። የፊታውራሪው የወንድም ልጅ ከሦስተኛ ክፍል አቋረጠ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደረስኩ። ዲፕሎማዬም የሥራ መዝገቤም በዚሁ ስም ነው። የባላባቱ ሥርዓት የአባቴን ስም ወሰደብኝ። ቀበሌው ደግሞ የተወሰደብኝን ነገር እንደ ሰረቅሁት ቆጥሮ ይከሰኛል። የፊታውራሪው ልጅ አለመሆኔን በማስረጃ እንዳቀርብም ታዝዣለሁ። ልጅ ነው ያለው ቀበሌው ነው፤ የማስረዳት ግዴታም የእሱ ነው። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ያውቁታል።

5. እጅግ ያስቆጣኝ ግን የሚከተለው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ የቀበሌው ሊቀመንበርና ጓድ ፍቅሬ ክፍሉን ለማየት መጡ። እናቴ የመኪና ድምፅ ሲሰሙ በምርኩዝ ወጥተው፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረውን ሁለተኛውን ሳንቃ ጭምር ገፍተው ከፈቱ። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ጌታዬ፣ ስምዎን ማን ልበል?» አሉ። ጓድ ፍቅሬ በሳቅ ፈረሱ። ሊቀመንበሩ አልሳቁም። «እማማ፣ ይህ ቀርቷል፤ ቀና ይበሉ» ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። በተከፈተው በር መሐል ለመሐል አለፉ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ አይቷል።

በስብሰባው ላይ ይኸው እጅ መንሣት «የአሮጌው ሥርዓት ናፋቂ ለመሆኗ፣ የቤቱም እመቤት ለመሆኗ ማስረጃ» ተብሎ ቀረበ። እመቤት በር አትከፍትም፤ ይከፈትላታል። ይህን ለማወቅ ፊውዳል መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ደግሞስ እጅ የነሡት ጥፋተኛ ከሆኑ እጅ የተነሡት ምን ሊባሉ ነው?

ውሳኔውን ለእናቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሰሙኝና «አዲሱ ጌታ በሩን ጠብቁ አላለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አላለም አልኩ። «ጣሊያኑ እንኳ ብሏል» አሉ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ለዚህ የሚሆን መልስ ጽሕፈት ቤትዎ ካለው እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

6. አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የቀበሌው ጽሑፍ እውነት ነው ብለን እንነሣ፤ እናቴ የፊታውራሪው ሚስት ናቸው እንበል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የሚወስደው ትርፉን ነው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይተዋል። እናቴ ከዚህች ክፍል በቀር በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ጣሪያ የላቸውም። እመቤት ከሆኑም ሕጉ አንድ ቤት ይተውላቸዋል። ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ እናቴ የዘበኛ ሚስትና ራሳቸውም ዘበኛ ናቸው ብንል ደግሞ አብዮቱ ተደረገ የተባለው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። በአንደኛውም በሁለተኛውም መንገድ ውጤቱ አንድ ነው፤ ክፍሉ የእናቴ መኖሪያ ነው። እናቴን ለማስወጣት የሚያበቃ ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። ቀበሌው ካገኘ ያሳየኝ።

7. «ልጇ ጋ ትሂድ» የሚል ሐሳብም ተሰንዝሯል። እኔ እናቴን ወደ ቤቴ እንዲመጡ ከአንድም ብዙ ጊዜ ለምኛለሁ። «ዓይኔ ቢደክምም እዚህ ግድግዳውን በእጄ አውቀዋለሁ፤ አንተ ቤት ስገባ ዕውር እሆናለሁ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከዚህም በላይ ልጅ ያለው ሰው ቤቱን ይነጠቅ የሚል አዋጅ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። ለእናቴ የሚገባው መብታቸው ነው፤ የእኔ ደግነት የመብታቸው ምትክ ተደርጎ እንዲቆጠር አልፈቅድም።

ስለዚህ፦

ጥር 29 ቀን የተላለፈው ውሳኔ እንዲሻርና እናቴ በክፍላቸው እንዲኖሩ በጽሑፍ እንዲረጋገጥላቸው፤

«የግንቡ ታሪክ» የተባለው ጽሑፍ በተነበበበት አዳራሽ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እንዲታረም፣ ወይዘሮ ታቢታና ሌሎች የሰፈሩ አዛውንቶችም ተጠርተው እንዲናገሩ፣ ድንጋይ ተሸካሚዎቹም በታሪኩ እንዲገቡ፤

ትኬት መሸጫው ሌላ ቦታ እንዲፈለግለት (ግንቡ አሥራ አንድ ክፍል አለው) በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በመጨረሻም አንድ ነገር በግልጽ ላሳውቅ። የካቲት 19 ቀን ቅዳሜ ነው፤ ትምህርት የለም። ውሳኔው እስከዚያ ካልተሻረ ከማለዳው ጀምሮ ከእናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። እንዲያስወጡ ከሚላኩት የቀበሌው ጥበቃዎች አብዛኞቹን አስተምሬአቸዋለሁ። የእናቴን አልጋ ከማንሣታቸው በፊት እኔን ማንሣት ይኖርባቸዋል። ይህ ዛቻ አይደለም። ዛሬ በእጄ ጽፌ የማስረክብዎ ያ ቀን ሲመጣ ከበላይ ያለ ማንም ሰው አላወቅኩም ነበር እንዳይል ነው።

ፍትሐዊ መልስዎን በሚጠብቅ ሰላምታ፣

ብዙአየሁ ሞገስ
የሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለግንብ ሥር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት
ለጓድ ፍቅሬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ በተለመደው ጥሩ ድምፃቸው እንዲያነቡት