ሳሎን የሰቀልኩት ዘጠነኛው ሥዕል

ልጄ ሊዲያ፣ የኔ እናት፤

ከተለየሽን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እቤት የተለወጠውን ልንገርሽ። አንደኛ፣ አልጋሽን ለጎረቤት ሰጠነው። ሁለተኛ፣ እናትሽ ያገራችን ሰው የሚበዛበት ግሮንላንድ ሰፈር ገበያ መሄድ ትታለች፤ ሰው «እንዴት ናችሁ?» ሲላት ታለቅሳለች። ሦስተኛ፣ እኔ አሁንም ቢየርቪካ ሰፈር ያንኑ ቢሮ አጸዳለሁ። አራተኛውን ኋላ እነግርሻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ስለ ድሮ ጃፓን ስትማሪ፣ ዘጠኝ ሥዕል አሳትመሽ ክፍልሽ ግድግዳ ላይ በተርታ ለጠፍሽ። አንዲት ቆንጆ የመኳንንት ሴት። መጀመሪያው ላይ ገና ሞታለች፣ ሁለተኛው ላይ አብጣለች፣ ከዚያ ትፈነዳለች፣ ትበሰብሳለች፣ ውሻና ቁራ ይበሏታል፣ አጥንቷ ይበተናል። የቡድሃ መነኮሳት የሴት ምኞት እንዲወጣላቸው ይህን እያዩ ያሰላስሉ ነበር አልሽኝ። «አባዬ፣ የተመኘው እሱ፣ የምትበሰብሰው እሷ! የምጽፈው ስለዚህ ነው» ብለሽ ሳቅሽ።

እኔ አልሳቅኩም። ሞት ትጠሪያለሽ አልኩ። ጣዖት ነው አልኩ። የቸርቹን ሽማግሌዎች ጠርቼ፣ ጋኔን እንዳለበት ሰው አስጸለይኩብሽ። ከዚያ ስምንቱን ቀደድኩ። ዘጠነኛው ላይ ሬሳ የለም፤ ሣርና አንድ ድንጋይ ብቻ። የገጠር ሥዕል መስሎኝ፣ ሲያምር ብዬ፣ ሳሎን ከቲቪው በላይ ሰቀልኩት። ስታዪው «አባዬ፣ ከሁሉም የከፋውን እኮ ነው ያስቀረኸው። እዚህ ላይ እሷን የሚያውቅ ሰው የለም» አልሽኝ።

በሳምንቱ እቃሽን ይዘሽ ወጣሽ። በአራተኛው ወር ፉሩሴት የቲባነ ባቡር ጣቢያ ላይ ልብሽ ቆመ። ሆስፒታል ነርሷ «ገብተህ ታያታለህ?» አለችኝ። «ኔይ፣ አልገባም» አልኩ። እናትሽ ገባች፤ እኔ ያንን ሁለተኛውን ሥዕል ፈርቼ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። የተኛሽ ነበር የምትመስይው አሉ።

አራተኛው ለውጥ ይኸውልሽ፤ ፊትሽ እየጠፋኝ ነው። ላስታውሰው ስል የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ያለችው ሴት ትመጣለች። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ የቀደድኳቸው ሁሉ በተራ። አሁን ስንተኛው ላይ እንደደረስሽ እቆጥራለሁ። የዚህ አገር መሬት ብርድ ነው፣ ይዘገያል እላለሁ። መጽናኛዬ ይኼ ሆኗል።

እሁድ መቃብርሽ ሄድኩ። ሣርና አንድ ድንጋይ። እናትሽ ሥዕሉን አውርደው ትለኛለች። አላወርደውም። የሚያውቅሽ ሰው እንዳይጠፋ በየጠዋቱ ከሥሩ ቆሜ ስምሽን እጠራለሁ።

ቃሌ ይኼ ነው፤ ፊትሽ ጨርሶ ቢጠፋኝ እንኳ፣ ግባና እያት ሲሉኝ እምቢ ማለቴን አልረሳም።

አባትሽ